አሥራ ሁለቱ ቃላት



ይህን የምጽፈው አዋቂ ስለሆንኩ ሳይሆን ስለተበላሁ ነው። ባለፈው ዓመት በሁለተኛው መንፈቅ፣ በመግሪብና በዒሻ መካከል ባለችው አጭር ሰዓት፣ 180 ዶላር የሚያወጣ ቢትኮይን ከስልኬ ወጥቶ ሄደ። ግማሹ የእኔ አልነበረም፤ የዶርም ጓደኛዬ አማና ነበር።

ወሬው ከተሰማ ወዲህ ግቢያችን ውስጥ «የትኛው ዋሌት ይሻላል?» እያሉ የሚጠይቁኝ ወንድሞች በዝተዋል። ለእያንዳንዱ በተናጠል ከምመልስ፣ የደረሰብኝንና ከዚያ በኋላ የተማርኩትን አንድ ላይ ላስቀምጠው ብዬ ነው። ግዙ ለማለት አይደለም። ስለ ሕጉም ስለ ዲኑም ወደታች የምለው አለኝ።

የእናቴ መቀነት

እኔ የዋግ ኽምራ ልጅ ነኝ፤ ከፃግብጂ። በጦርነቱ ጊዜ እንደ ብዙው የአካባቢያችን ሰው ቤታችንን ጥለን ሰቆጣ ገባን። አባቴ ፍየል እየሸጠ ያጠራቀማት ገንዘብ ባንክ ነበረች። ባንኩ ተዘጋ፣ ኔትወርክ ጠፋ። ደብተሩ አባቴ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ግን በደብተር ዱቄት አይገዛም። ያን ሰሞን የበላነው እናቴ መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጥራ ይዛት ከወጣችው ብር ነው። ስንት እንደሆነች እኛ ልጆቿ እንኳ አናውቅም ነበር። ስትፈታም ዞር ብላ ነበር የምትፈታው።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ቢትኮይን የሰማሁ ጊዜ ልቤን የሳበው ይኸው ነው። ማንም የማይዘጋው፣ ድንበር የማያግደው፣ ከቤትህ ስትፈናቀል አብሮህ የሚፈናቀል ገንዘብ አለ ሲሉኝ እናቴ መቀነት ትዝ አለችኝ። ያላሰብኩት ሌላ ነገር ነበር። ሰላም ሲወርድ ባንኩ ተከፈተ፤ የአባቴም ገንዘብ እንዳለች ተገኘች። አባቴ ደብተሩን ቢጥል እንኳ ባንኩ ስሙን ያውቃል፣ ፎቶውንና ፊርማውን ይዟል። ቢትኮይን ግን ማንንም በስም አያውቅም። ይህን ልዩነት የገባኝ ገንዘቡ ከሄደ በኋላ ነው።

ገንዘቡ የመጣው እንዲህ ነው። እኔና የዶርም ጓደኛዬ በአውቶካድ የአንድ መጋዘን ንድፍ ሠርተን ውጭ አገር ላለ ሰው አስረከብን። ሰውየው መክፈል የምችለው በቢትኮይን ብቻ ነው አለን። ጓደኛዬ ስልኩ አሮጌ ስለነበረ «አንተ ጋ ይቀመጥ» አለኝ። እኔም አንድ ነፃ የዋሌት መተግበሪያ ጫንኩ። መተግበሪያው 12 የእንግሊዝኛ ቃላት አሳየኝና «ጽፈህ አስቀምጥ» አለኝ። እኔ ስክሪንሾት አነሳሁት። የመጀመሪያው ስህተቴ ይህ ነበር፤ ያጠፋኝ ግን ቀጥሎ የመጣው ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መተግበሪያውን ስከፍተው ሒሳቡ ዜሮ ይላል። የግቢያችንን ኔትወርክ ታውቁታላችሁ፤ መተግበሪያው መረጃውን ማደስ አቅቶት እንጂ ገንዘቡ የትም አልሄደም ነበር። እኔ ግን ደንግጬ አንድ ትልቅ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ «ገንዘቤ ጠፋ፣ እርዱኝ» ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ደቂቃ አልሞላም፣ የዋሌቱን አርማ የለጠፈ ሰው በግል መልእክት መጣ። ትሕትናው አይጣል ነው። «አይዞህ ወንድሜ፣ ብዙ ሰው ይገጥመዋል» አለኝና አንድ ማስፈንጠሪያ ላከልኝ። ገጹ 12 ሳጥኖች አሉት። «ዋሌትህን ለማረጋገጥ ቃላቱን በቅደም ተከተል አስገባ» ይላል። ከስክሪንሾቱ እያየሁ አንድ በአንድ ሞላሁት።

ዒሻ ሰግደን ስንመለስ ሒሳቡ አሁንም ዜሮ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ግን እውነተኛ ዜሮ። የቢትኮይን መዝገብ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ገንዘባችን ወደየትኛው አድራሻ እንደሄደ፣ ከዚያም ለሁለት ተከፍሎ ወዴት እንደቀጠለ ቁጭ ብዬ አየሁት። ሁሉም ያየዋል፤ ማንም አይመልሰውም።

ዋሌት ውስጥ ገንዘብ የለም

አሁን ወደ ትምህርቱ ልሂድ። ዋሌት ስንል ኪስ ውስጥ እንዳለ ቦርሳ እናስባለን። የቢትኮይን ዋሌት ውስጥ ግን ገንዘብ የለም። ገንዘቡ ያለው በዓለም ዙሪያ በብዙ ሺህ ኮምፒውተሮች ላይ በተባዛ አንድ መዝገብ ላይ ነው። ዋሌቱ የሚይዘው በዚያ መዝገብ ላይ ያለን ድርሻ ለማንቀሳቀስ የሚያስችል ምስጢራዊ ቁልፍ ነው። ቁልፉ በጣም ረጅም ቁጥር ስለሆነ ሰው እንዲጽፈው እንዲመች ከ2,048 የተመረጡ ቃላት ዝርዝር ውስጥ በተወሰዱ 12 ወይም 24 ቃላት ይወከላል። የማስመለሻ ቃላት የምንላቸው እነዚህን ነው።

የኢንጂነሪንግ ተማሪ ስለሆንኩ ቁጥሩን ልንገራችሁ። እያንዳንዱ ቃል 11 ቢት ነው። 12 ቃላት 132 ቢት ይሆናሉ፤ 4ቱ ቢት ስህተት መፈተሻ ሲሆኑ 128ቱ ምስጢሩ ናቸው። የአማራጮቹ ብዛት 39 አሃዝ ያለው ቁጥር ነው። በምድር ላይ ያለ ኮምፒውተር ሁሉ ተባብሮ ቢሞክር እንኳ በግምት አያገኘውም።

ስለዚህ ሌባው አይገምትም፤ ይጠይቃል። ቃላቱን በገዛ እጃችን እንድንሰጠው ያደርጋል። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፦ ቃላቱን የያዘ ገንዘቡን ይዟል። ስልኩ ቢሰበር ቃላቱ ካሉ ገንዘቡ አለ፤ ስልኩ እጃችሁ ላይ ቢሆንም ቃላቱን ሌላ ሰው ካወቀ ገንዘቡ የእናንተ አይደለም። ትክክለኛ ድርጅት፣ ትክክለኛ ረዳት፣ ትክክለኛ ባለሙያ በምንም ምክንያት ቃላቱን አይጠይቅም።

እናቴ ክረምት ላይ ነገሩን ስነግራት ስለ ኮምፒውተሩ ምንም አልጠየቀችኝም። «ታዲያ ቋጠሮውን ለማታውቀው ሰው ፈትተህ ሰጠኸው በለኛ!» አለችኝ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እስካሁን አላነበብኩም።

የትኛው ዋሌት?

ዋሌቶች በሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ቁልፉን ሌላ ድርጅት የሚይዝበት ነው፤ የመገበያያ ድርጅቶች ላይ የምንከፍተው ሒሳብ እንዲህ ያለ ነው። የይለፍ ቃል ብትረሱ ያድሱላችኋል፣ ይህ ጥቅሙ ነው። ጉዳቱ ድርጅቱ ሲወድቅ አብራችሁ መውደቃችሁ ነው። ቶክዮ ላይ የነበረው ማውንት ጎክስ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲከስር ወደ 850,000 ቢትኮይን ጠፍቷል ተብሎ ነበር፤ በኋላ የተገኘው 200,000 ያህሉ ነው። ኤፍቲኤክስ የተባለውም በኅዳር 2022 ሲፈርስ ሰዎች ገንዘባቸውን ለማውጣት ቢሞክሩ በሩ ተዘግቶ ነበር። የአባቴ ባንክ የተዘጋው በጦርነት ነው፤ እነዚህ የተዘጉት ያለ ጦርነት ነው።

ሁለተኛው ቁልፉን ራሳችሁ የምትይዙበት ነው። ይህም ሁለት ዓይነት አለው። የመጀመሪያው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ የሚጫን መተግበሪያ ነው፤ ብሉዋሌትና ኤሌክትረም ከታወቁት ውስጥ ናቸው። ሁለተኛው ቁልፉን ከኢንተርኔት ለይቶ የሚይዝ ፍላሽ የሚያክል ዕቃ ነው፤ ትሬዞርና ሌጀር ይጠቀሳሉ። ለተማሪ የሚመጥነው የቱ ነው ብትሉኝ፣ የያዛችሁት ገንዘብ ትንሽ ከሆነ ከ50 ዶላር አካባቢ የሚጀምር ዕቃ መግዛት ትርጉም የለውም፤ ሣጥኑ ከወርቁ ሊበልጥ ነው። ትንሽ ገንዘብ በስልክ መተግበሪያ በቂ ነው። ሌሎች ሰዎች የሚተማመኑበት ብዙ ገንዘብ ከሆነ ግን ስልክ ቦታው አይደለም።

ስም መምረጥ ብቻውን አያድንም። ኤሌክትረም ከ2011 ጀምሮ ያለና የተከበረ ዋሌት ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ አጭበርባሪዎች በራሱ በመተግበሪያው ውስጥ «አዲሱን ስሪት ጫኑ» የሚል ሐሰተኛ መልእክት እንዲታይ አድርገው ብዙ ሰው ዘርፈዋል። በ2021 ደግሞ የትሬዞርን ስም የያዘ ሐሰተኛ መተግበሪያ በአፕል መደብር ውስጥ ገብቶ ከአንድ ሰው ብቻ 17 ቢትኮይን ወስዷል። ስለዚህ ከቴሌግራም የተላከላችሁን የመተግበሪያ ፋይል አትጫኑ። ወደ ዋሌቱ ዋና ገጽ አድራሻውን ራሳችሁ ጽፋችሁ ግቡ፤ ከዚያ ወደሚመራችሁ መደብር ሂዱ፤ የአሳታሚውን ስም አመሳክሩ።

ሌላም ነገር አለ። «ገንዘብህን እዚህ ዋሌት ውስጥ አስቀምጥ፣ በወር ይህን ያህል ትርፍ ታገኛለህ» የሚላችሁ ካለ እሱ ዋሌት አይደለም። ዋሌት አይወልድም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሚረር ትሬዲንግ ኢንተርናሽናል የተባለ ድርጅት እንዲህ እያለ ከ29,000 በላይ ቢትኮይን ከሰው ሰብስቦ ፈርሷል። ጓደኛ ስታመጣ ኮሚሽን ታገኛለህ የሚለው ሐረግ በተለይ ለጀመዓችን አደገኛ ነው። እርስ በርስ የምንተማመን ሰዎች ነንና አንዱ ሲገባ ሌላው ይከተላል።

ቃላቱን እንዴት እንያዝ?

የመጀመሪያው ነገር ወረቀትና እስክሪብቶ ነው። ስክሪንሾት አይነሳ፣ ፎቶ አይነሳ፣ በቴሌግራም «የተቀመጡ መልእክቶች» ውስጥ አይገባ። ስልካችን ፎቶዎቻችንን ሳንጠይቀው ወደ ኢንተርኔት ማከማቻ ይልካል። ስልካችንንም እናውቀዋለን፦ ዶርም ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ሲበላሽ ለጠጋኝ ከነመክፈቻ ቁጥሩ እንሰጠዋለን፣ ሲያረጅ እንሸጠዋለን። የኮምፒውተር ላብ ማሽኖች ላይማ ዋሌት መክፈት ጨርሶ አይታሰብ።

ሁለተኛ፣ ቃላቱን በእንግሊዝኛ ፊደል ከነቁጥራቸው፣ ከ1 እስከ 12 ጻፉ። ዝርዝሩ በጃፓንኛ፣ በኮሪያኛ፣ በስፓኒሽና በሌሎችም ቋንቋዎች ተዘጋጅቷል፤ አማርኛ ግን ከእነዚያ ውስጥ የለም። አንድ ወንድም «ሰው እንዳያነብብኝ» ብሎ በአማርኛ ፊደል ጽፎት አየሁ። «ሊቭ» ብሎ ጽፏል። በእንግሊዝኛው ዝርዝር ውስጥ ግን በዚህ ድምፅ የምንጽፋቸው ሁለት ቃላት አሉ፤ አንዱ «መኖር» ሌላው «መተው» ማለት ነው። ገንዘቡ የሚኖረውም የሚተወውም በዚያች ልዩነት ነው።

ሦስተኛ፣ ሁለት ቅጂ ይኑራችሁ፣ ሁለት ቦታ ይቀመጡ። አንዱ ግቢ ውስጥ በተቆለፈ ሻንጣ፣ ሌላው ቤተሰብ ዘንድ። ዶርም ይፈተሻል፣ ቧንቧ ይፈነዳል፣ ሻንጣ ይጠፋል።

አራተኛ፣ በቃሌ እይዘዋለሁ አትበሉ። ይህን የምለው መድረሳ ያደግሁ ሰው ሆኜ ነው። ልጅ ሆነን ሎህ ላይ የጻፍነውን ዑስታዛችን ፊት ከቀራን በኋላ አጥበን ሌላ እንጽፍበት ነበር። የታጠበው ልባችን ውስጥ ይቀር ነበር። ግን ለምን ቀረ? በየቀኑ ሙራጀዓ ስለምናደርግ፣ ስንሳሳት የሚያርመን ሰው ስለነበረ ነው። ለ12ቱ ቃላት ግን የሚያርም ዑስታዝ የለም፤ ለማንም ልታነቡት አትችሉምና። ስቴፋን ቶማስ የተባለ ጀርመን የተወለደ ፕሮግራመር 7,002 ቢትኮይን የያዘ የተቆለፈ ፍላሽ አለው። የይለፍ ቃሉን የጻፈበት ወረቀት ጠፋው። ፍላሹ 10 ሙከራ ብቻ ይፈቅዳል፤ ታሪኩ በ2021 ሲወራ 8ቱን ጨርሶ ነበር። ባለሙያው እንዲህ ከሆነ እኛስ?

አምስተኛ፣ ሳይፈትኑ አለማመን። ገንዘብ ከማስገባታችሁ በፊት ቃላቱን ጽፋችሁ መተግበሪያውን አጥፉትና እንደገና ጫኑት፤ ከወረቀታችሁ እያያችሁ መልሱት። የቀድሞው አድራሻ ተመልሶ ከመጣ ወረቀታችሁ ትክክል ነው ማለት ነው። ሙራጀዓው ይህ ነው። አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ እኔም ጓደኛዬም አላደረግነውም።

ስድስተኛ፣ ስትልኩ አድራሻውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አመሳክሩ። ቀድታችሁ የምትለጥፉትን አድራሻ በስርቆት አድራሻ የሚተካ ቫይረስ አለ። መጀመሪያ ትንሽ ልካችሁ መድረሷን አይታችሁ ቀሪውን ላኩ። በአማካይ በየ10 ደቂቃው አዲስ ገጽ ወደ መዝገቡ ይገባል፤ ታግሣችሁ ጠብቁ። ሒሳቡ ዜሮ ቢልም አትደንግጡ። አድራሻችሁን በሕዝብ መዝገብ ላይ መፈለጊያ ውስጥ አስገብታችሁ እዩ፤ ለዚህ ቃላቱ አያስፈልጉም። እኔ ያን ዕለት ይህን ብቻ ባውቅ ኖሮ ማንንም ባልጠየቅኩ ነበር።

መጨረሻ፣ ስንት እንዳላችሁ አትናገሩ። በ2020 ሌጀር የተባለው ድርጅት የደንበኞቹ ስምና አድራሻ ሾልኮ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ሐሰተኛ ደብዳቤ፣ ሐሰተኛ ዕቃ ሳይቀር በየቤታቸው የተላከላቸው አሉ። እናቴ ዞር ብላ የምትፈታው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ሕጉና ዲኑ

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማስጠንቀቂያ የአገሪቱ ገንዘብ ብር መሆኑንና በቢትኮይንና መሰሎቹ መገበያየት ሕገወጥ መሆኑን ገልጿል። አንዳንድ ወንድሞች «ታዲያ መንግሥት ለቢትኮይን ኩባንያዎች መብራት ይሸጥ የለም እንዴ?» ይላሉ። እውነት ነው፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ይሸጣል። ለድርጅት ኤሌክትሪክ መሸጥ ግን ለእኔና ለእናንተ በቢትኮይን ክፍያ መቀበልን መፍቀድ አይደለም። እኔ ንድፉን ሸጬ ስቀበል ይህን አልጠየቅኩም ነበር፤ ከስህተቶቼ ሁሉ የቀደመው እሱ ነው። ውጤቱንም አየሁት፦ ስዘረፍ የምሄድበት ቢሮ አልነበረኝም።

በዲን በኩል ዑለማዎች ተለያይተዋል። የግብፅ ዳረል ኢፍታእ በጥር 2018 አይፈቀድም ብሏል። የኢንዶኔዥያ ዑለማዎች ምክር ቤት በ2021 እንደ ገንዘብ መጠቀሙን ሐራም ብሏል። የማሌዥያ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን የሸሪዓ አማካሪዎች በ2020 በመስፈርት መገበያየቱን ፈቅደዋል። እኔ ፈትዋ የምሰጥ ሰው አይደለሁም። ከመግዛታችሁ በፊት የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ፤ ከገዛችሁ በኋላ መጠየቅ ልብን ለማረጋጋት እንጂ ለመማር አይሆንም።

እኔ የጠየቅኩት ሌላ ነገር ነበር። ገንዘቡ የጠፋ ሰሞን ጓደኛዬ «አብሽር፣ ቀደር ነው፣ ተወው» አለኝ። ልቤ ግን አልተቀበለውም። ዑስታዛችን ዘንድ ሄጄ አማና የያዘ ሰው ቢሰረቅ ይከፍላል ወይ አልኳቸው። ሳያጎድል ከጠበቀ አይከፍልም፤ ካጎደለ ወይም ከተዳፈረ ይከፍላል አሉኝ። ከዚያ ጠየቁኝ።

«ቃላቱን ለሌባው ማን ሰጠው?»

«እኔ።»

«አስገድዶህ ነው?»

«አይ፣ ጠይቆኝ ነው።»

ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። መልሱን ራሴው ተናግሬው ነበር።

የጓደኛዬ ድርሻ ወደ 12 ሺህ ብር ነበር። ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ሒሳብ እያስጠናሁ፣ ክረምት ሰቆጣ ላይ ግንባታ ቦታ የቀን ሥራ እየሠራሁ ከፈልኩት። የመጨረሻዋን 1,500 ብር ስሰጠው አልቀበልም ብሎ ነበር፤ አስገድጄ ኪሱ ውስጥ ከተትኩለት። አልሐምዱሊላህ፣ አሁንም አንድ ዶርም ነን።

ዛሬ ዋሌት የለኝም። አንድ ቀን ሕጉ ጠርቶ፣ ዓሊሞቼን ጠይቄ ልይዝ እችል ይሆናል። ያኔም የራሴን ብቻ ነው የምይዘው። የያዛችሁ ካላችሁ ግን ዛሬ ማታ ሁለት ነገር አድርጉ። ስልካችሁ ውስጥ የቃላቱ ፎቶ ካለ ወደ አዲስ ዋሌት አዳዲስ ቃላት በወረቀት ጻፉ፣ ገንዘቡንም ወደዚያ አዛውሩ፤ ፎቶውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ውስጡ የሌላ ሰው ገንዘብ ካለ ደግሞ ስሙንና መጠኑን በወረቀት ጽፋችሁ ከቤተሰባችሁ አንድ የምታምኑት ሰው እንዲያውቀው አድርጉ። ሞት ይመጣል፤ ለማንም ያልነገርነው አማና ከእኛ ጋር ይቀበራል፣ ተጠያቂነቱ ግን አይቀበርም።

ግመሉን አስረን የምንመካ ያድርገን።